ዓሳ ዓሳ ያለው ኮረሪማ

ሰው ኮረሪማ ሲሸተው የሚነጠር ቅቤ ትዝ ይለዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ ዓሳ ነው። ይህን ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነው፤ ባያምነኝም አልፈርድበትም።

ባለፈው ለሥራ አርባ ምንጭ ወርጄ ሲቀላ ሰፈር አንድ ዓሳ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ የተጠበሰ ዓሳ ኮረሪማ ከገባበት ዳጣ ጋር አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ሄደች። ዓሳውን ዳጣ ነካ አድርጌ ወደ አፌ ሳስጠጋው ኮረሪማውና ዓሳው አንድ ላይ ሽው አሉኝ። እጄ መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ ተመልሳ መጥታ አልተመቸሽም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ ተመችቶኛል አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከዚያ ዓሳ ቤት ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ የሰባት ሴቶችን ኮረሪማ ያበላሸሁ መስሎኝ ምነው በሞትኩ ብዬ ነበር።

ያን ጊዜ የምኖረው ከአርባ ምንጭ በላይ ደጋው ላይ፣ ገረሴ፣ ከአክስቴ ጋር ነው። አልታዬ ትባላለች፤ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት እኔና ከቤታችን በታች ቁልቁል በሚወርደው ጫካ ውስጥ ያለው ኮረሪማ ነው። ኮረሪማ ጥላ ይወዳል፤ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ካልሆነ አይሆንለትም። በዚያ ጫካ ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ከእትዬ ጋር ሳይጣላ አያድርም ነበር። ፍሬው ደግሞ ላይ አይንጠለጠልም፤ ከተክሉ ግርጌ፣ መሬት ለመሬት ነው የሚያፈራው። ለቀማው የልጅ ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው። ቅጠሉን እየገለጥኩ እድሃለሁ፤ ቀይ ቀዩን እየመረጥኩ ቅርጫት እሞላለሁ፤ እትዬ ዞር ስትል አንዱን እፈለቅቅና በፍሬው ላይ ያለውን ነጩን ጣፋጭ ነገር እመጥጣለሁ። አረንጓዴውን ከቀጠፍኩ ግን ጆሮዬ አለቀለት። ሳይቀላ የተቀጠፈ ኮረሪማ ሲደርቅ ገለባ ነው ትል ነበር።

ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። ገረሴ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓትም ጉም ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ኮረሪማውን በቃጫ እየሰካ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይሰቅለዋል። እዚያ ጭስ ሲጠጣ ይከርማል። ገበያ ሲወጣ ከቆላ የሚመጡት ነጋዴዎች ያሸቱትና ፊታቸውን አጨማድደው ጭስ ጭስ ይላል ይላሉ፤ ከዚያ ዋጋውን እነሱ ይቆርጣሉ። ቢያንስም መልሶ ተሸክሞ ዳገት ከመውጣት ይሻላል ተብሎ ይሰጣቸዋል።

በዚያ ዓመት እትዬ አንድ ከረጢት ይዛ አርባ ምንጭ ወረደችና ሰው ጠቁሟት ሴቻ ሰፈር ድረስ አቶ ሲሳይ ቤት ሄደች። አቶ ሲሳይ ከሰሜን የመጡ፣ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ቆይተው ጡረታ የወጡ፣ አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው ቅመም የሚገዙ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ አንዷን በጥርሳቸው ሰብረው፣ አሽትተው፣ እቃው ጥሩ ነው፣ የገደለው ጭሱ ነው አሏት። ፀሐይ ያየ ብታመጪልኝ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ አሉ።

እትዬ ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካ አለ። አብረዋት ጽዋ የሚጠጡትን ስድስት ሴቶች ሰበሰበችና፣ ዘንድሮ ለነጋዴ አንሸጥም፣ ኮረሪማውን አርባ ምንጭ ወስደን በቆላ ፀሐይ እናደርቀዋለን አለቻቸው። ከሁሉ የከበደቻት አማረች ናት። አማረች ጎረቤታችን ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው ይሏታል፣ እኔ ያኔ ያወቅኩት ምላሷን ብቻ ነው። ፀሐይ ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞር ኮረሪማ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ነጋዴው ዘንድሮ ከእኛ ሳይገዛ ከሄደ፣ ያ ሰውዬም አልወስድም ካለ፣ ገና በምን ሊዋል ነው፣ የልጆች ደብተርና ልብስ ከየት ሊመጣ ነው? እትዬ ተነስታ ቆመች።

«ካልሆነ ጥፋቱ በእኔ ይሁን» አለች።

ይሄ በእኛ አገር ለወሬ ማሳመሪያ የሚባል ነገር አይደለም። አማረችም ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ጠባቂ ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ሕፃንና እንሰት ጥለው መውረድ አልቻሉም፤ እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እትዬ አስተማሪዬን አስፈቅዳ ሁለት ሳምንት አስቀረችኝ። በአይሱዙ ወረድን። ጆሮዬ ተደፈነ፤ የጫሞ ሐይቅ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ሰማዩ ወርዶ የተኛ መሰለኝ፤ ሹራቤን አወለቅኩ። ያረፍነው ሲቀላ፣ ጋሽ ኦይቻ ቤት ነው። ጋሽ ኦይቻ የእትዬ ባል የአጎት ልጅ ነው፤ በጎረምሳነቱ ከደጋ ወርዶ የቀረ፣ በፒካፕ ከጫሞ ዳር ዓሳ እያመጣ ለየሆቴሉ የሚያከፋፍል፣ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጥ ሰው። እትዬ ከቤት ባመጣናቸው የቀርከሃ ምንጣፎች ላይ ኮረሪማውን አሰጣችና፣ ጦጣ እንዳታስነኪ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አስገቢ፣ ስትወጣ አውጪ ብላኝ ለሁለተኛው ለቀማ ተመለሰች።

በማግስቱ ጋሽ ኦይቻ አየና ተደራርቧል፣ ይሻግታል አለ። ከጓሮ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ጎትቶ አመጣ። በኦሞ ታጥቧል፣ ንጹህ ነው አለኝ፤ እውነትም ንጹህ ይመስላል። ኮረሪማውን ከምንጣፎቹ ላይ አንስተን ሸራው ላይ አሳስተን በተንነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያው በሸራው ጠቅልለን እናስገባለን፤ ጠዋት እንዘረጋለን። በጣም ተመቸኝ።

ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ ጣሳ እየደበደብኩ ጦጣ አባርራለሁ። የአርባ ምንጭ ጦጣ አያፍርም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚሰርቀኝ። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ጠዋት ኮረሪማው ኮረሪማ ይሸታል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን ከሸራው ላይ ሌላ ሽታ ይነሳል፤ ከባድ፣ ጨዋማ፣ ገረሴ ሸቶኝ የማያውቅ። አመሻሽ ላይ መለስ ይላል። አሰብኩበትና ደረስኩበት፦ ይሄ የፀሐይ ሽታ ነው። እኛ ደጋ ፀሐይ ስለሌለን ነው የማናውቀው። እቃው ፀሐይ ይየው አይደል የተባለው? ገባበት ማለት ነዋ! ሽታው በጨመረ ቁጥር ደስ አለኝ። ያኔ ገረሴ ስልክ እንደልብ አይገኝም፤ በአይሱዙው ሾፌር በኩል ለእትዬ መልእክት ላክሁ። ፀሐዩ በደንብ እየገባበት ነው በላት አልኩት። እሱም አደረሰ። እትዬ መልእክቱን ለሴቶቹ ሁሉ እየዞረች ነገረች።

ዓሳ መሆኑን እንዴት አላወቅሽም የሚለኝ ሰው አለ። ከየት ልወቅ? በእኛ ቤት ዓሳ አይገባም። ዓሳ ጎሜ ነው ይባላል። ጎሜ ነውርም ኃጢአትም ነው፤ አንዱ ሰው ይጥሰዋል፣ መዘዙ በቤቱ፣ በከብቱ፣ በእህሉ ይወጣል። ተደብቆ አይቀርም፤ ያጠፋው ሰው አፍ አውጥቶ እስኪናገረው ድረስ አይለቅም። ጋሽ ኦይቻ ቤትም ዓሳው ሌላ ቦታ ይታረድና ይሸጣል እንጂ ግቢው ውስጥ ሲገላበጥ አላየሁም። ቤቱ እንዲህ የሚሸተው ቆላ ስለሆነ ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ።

አንድ ቀን ግን የጋሽ ኦይቻ ሚስት ምሳ አቀረበች። ወርቅ የመሰለ ቁርጥራጭ፣ ጫፉ ኩርሽም ኩርሽም የሚል። ጾሙ ገብቷል፣ ሥጋ እንዳልሆነ ገምቻለሁ፤ ድንች መሰለኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ ጋሽ ኦይቻ ዓሳው ጣፈጠሽ ወይ አለኝ። ፊቴን አይቶ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ዓሳ ደም የለው፣ ምን የለው፣ ጾም አይገድፍም እያለ አጽናናኝ። እትዬ የምትለው ሌላ ነው። ይባስ ብሎ ጣፍጦኝ ነበር። ሦስተኛውንም በላሁት። ዓሳ መሆኑን እያወቅኩ መብላቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል።

ከምሳ በኋላ ማንጎው ሥር ተመለስኩና እጄን አሸተትኩ። እጄ የፀሐይን ሽታ ይሸታል። ኮረሪማውን አሸተትኩ። አንድ ናቸው።

አዋቂ ቢሆን ኖሮ ሸራውን ይጠረጥር ነበር። እኔ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ዓሳ የበላሁበት እጄ ኮረሪማውን ነካ፤ ጎሜው ከእኔ ወደ እሱ ተላለፈ። ከምሳው በፊት ይሸት እንደነበር እንኳ ረሳሁት። እጄን በሳሙና አጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁ፣ በአመድ ፈተግኩ። ኮረሪማውን በእንጨት ብቻ እያገላበጥኩ ዋልኩ። የጋሽ ኦይቻን ሚስት ቆሎ ብቻ ስጪኝ አልኳት፤ ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች። ሽታው ግን ቀን በቀን ባሰ። እትዬ ጥፋቱ በእኔ ይሁን ያለችው እየመጣ ያቃጭልብኛል። ጥፋቱ በእሷ ሊሆን ነው፤ ያጠፋሁት እኔ። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

አቶ ሲሳይ ቅዳሜ ሊመጡ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ እትዬና አማረች ሌሎቹን አምስቱን አስከትለው ወረዱ። ነጠላቸውን አጥበው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ነው የመጡት። ሽያጩን በዓይናቸው ሊያዩ። እትዬ አቅፋ ሳመችኝና ቀጥታ ወደ ሸራው ሄደች። ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አማረች ከኋላዋ መጥታ አንዷን አንስታ አሸተተች።

«አልታዬ፣ ይሄ እኮ ዓሳ ነው» አለች።

እንደወትሮዋ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው ያለችው። እትዬ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የተጎነጎነው ጸጉሯ፣ ንጹህ ነጠላዋ፣ አሁንም ይታየኛል፤ ዓይኗ ግን የት እንደሚያይ አይታወቅም ነበር። ሴቶቹ አንዷ ካንዷ ተያዩ። እኔ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ለመጥፋት አይደለም። እኛ አገር ሰው ሲበዳደል ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ይመጣሉ፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት አይቻልም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደም የተቃቡ ሰዎች በዚያ ሣር ሲተቃቀፉ። ግን በኅዳር የሲቀላ ሣር ሁሉ ደርቋል። ቦኖው ጋ ቧንቧው ስለሚያፈስ ዙሪያው አረንጓዴ መሆኑን ውኃ ስቀዳ አይቼ ነበር። ሁለት እጄን ሙሉ ነጭቼ ተመለስኩ። እትዬ ፊት ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጠጠር ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ። ዓሳ በልቻለሁ። በዚያ እጄ ነካሁት» አልኩ። ከዚያ በላይ ለቅሶው አላስኬደኝም።

ልጅ ሣር ይዞ ሲንበረከክ ማንም አይቶ አያውቅም፤ የሽማግሌ ወግ ነው። እትዬ ሣሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና ስንት ቁራጭ በላሽ አለችኝ። ሁለት አልኩ። ከዚያ ጎሜውን ፈርቼ ሦስት አልኩ። እትዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ እኔም ባሰብኝ። ስትገልጠው እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል።

«ሦስት ቁራጭ ይሄን ሁሉ አያሸትም፣ ልጄ። ተናገርሽ፣ አለቀ» አለች።

በዚህ መሃል ጋሽ ኦይቻ ገባ። ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቅ አማረች አንድ ኮረሪማ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። አሸተተ፤ ምንም አልሸተተውም። ሃያ ዓመት ዓሳ ውስጥ የኖረ አፍንጫ ምን ይሸተዋል? ዓሳ ይላል ስትለው ግን ሸራውን አየ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ለካ ሸራው ፒካፑ ላይ ዓሳውን የሚያለብስበት ነው። አጥቤው ነበር እኮ፣ በኦሞ አጥቤው ነበር እያለ ግቢውን ዞረ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ዝም ይላል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ውስጡ የገባው ሁሉ ይወጣል። የእኔ የፀሐይ ሽታ ይሄ ነበር።

ደረቴ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ የሄደ ያህል ቀለለኝ። እትዬ ግን አልተነሳችም። ከእጄ የወደቀውን ሣር ከመሬት ለቀም ለቀም አደረገችና ወደ አማረችና ወደ ሌሎቹ ዞራ በጉልበቷ ሆነች። ጥፋቱ በእኔ ይሁን ብያለሁ፣ በእኔ ነው አለች። ገረሴ ከተመለስን ከሁለተኛው ለቀማ ለነጋዴ የምሸጠውን የራሴን አካፍላችኋለሁ አለች። ሁሉም አማረችን አዩ። እኔም አየኋት፤ ስለቱን ስጠብቅ።

«ተነሽ አንቺ ሴትዮ፣ ሣር ተይዞ እምቢ ይባላል እንዴ?» አለች አማረች። ብብቷ ሥር ገብታ አነሳቻት። አንስታም አልቀረች፤ አንዷን ኮረሪማ በጥርሷ ሰበረችና ፍሬውን አኘከች፤ ቆም ብላ አጣጣመች፤ ላዩን እንጃ፣ ውስጡ ግን ኮረሪማ ነው አለች።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ሸራውን ጋሽ ኦይቻ ራሱ እየጎተተ አውጥቶ ጣለው። ኮረሪማውን በምንጣፎቹና በነጠላዎቻቸው ላይ፣ በዚያ ታጥቦ በመጣ ነጠላ ላይ፣ አሳስተን በተንነው። ከጫሞ በኩል ነፋስ ነበረ። እስኪመሽ አገላበጥን፤ ጠዋትም ፀሐይ ከመውጣቷ ጀመርን። አማረች መሃል ላይ ትንሽ ጭስ ብናስነካውስ፣ ዓሳውን ይሸፍነዋል አለች። እትዬ ሳትወድ ሳቀች። አንደብቅም፣ ሳያሸቱት እነግራቸዋለሁ አለች።

አቶ ሲሳይ አራት ሰዓት ላይ በባጃጅ መጡ። አማርኛቸው እንደ ሬዲዮ ነው፤ እኛ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረግን ስናወራ ፈገግ ይላሉ እንጂ አያርሙም። እትዬ ጆንያውን ሳትፈታ በፊታቸው ቆመችና ከጭስ አምልጠን ዓሳ ላይ ወደቅን አለቻቸው። ስለ ሸራው ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ሰቀሉ። ከላይ አንድ፣ ከመሃል አንድ፣ እጃቸውን እስከ ክርን አስገብተው ከሥር አንድ አወጡ። ቅርፊቱን አሽትተው ፊታቸውን አጨማደዱ። የእትዬ እጅ የእኔን እጅ ሊሰብረው ደረሰ። ሰበሩ፣ አኘኩ፣ ተፉ፣ ሌላ ሰበሩ። ከየጆንያው እንዲሁ። እኔ ማርያም ማርያም እያልኩ ነበር።

«ዓሳው ከቅርፊቱ አላለፈም» አሉ በመጨረሻ። «ጭስ ቢሆን ፍሬው ውስጥ ይገባ ነበር። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ፍሬውን ነው፤ ቅርፊቱ ይፈለቀቃል።»

ማንም እልል አላለም። አማረች ብቻ ቁጭ ብላ፣ እፎይ ብላ፣ ጫማዋን አወለቀች። እሳቸው አንዱን ጆንያ፣ ሸራው ውስጥ ከሁሉ በላይ የከረመውን፣ ገፋ አደረጉና ይሄ ይቅር አሉ። የቀረውን ሁሉ ወሰዱ። ለሚመጣውም ዓመት ሌላ ሰው እንዳይገባባችሁ ብለው ሄዱ። የተረፈችውን ጆንያ ጋሽ ኦይቻ ማንንም ሳያስነካ ወደ ቤት አስገባት፤ የእኔ ጥፋት ናት፣ እኔ እከፍላታለሁ አለ። ሚስቱ ከበርበሬ ጋር አስወቅጣ ዳጣ አደረገችው። ለዓሳ አንደኛ ሆነ እያለ ለየሆቴሉ ማደል መጀመሩን ከዓመት በኋላ ሰማን።

ከሰዓት በአይሱዙ ወደ ደጋ ወጣን። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ይዘፍናሉ፤ እኔና እትዬ ጋቢና ነበርን። ዳገቱ ላይ ጉሙ ተቀበለን፤ ሹራቤን አለበሰችኝ። እጄን አሸተትኩ፤ ምንም አይልም። ጎሜው ለቀቀኝ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ተናግረሽ የለ፣ ምን ይሠራል ካሁን ወዲያ አለችኝ። ገረሴ ልንገባ ስንል ሾፌሩ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እውነት ግን ይጣፍጣል?»

በጣም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና በመስኮቱ ጉሙን ማየት ጀመረች።

«እንግዲህ ጾሙ ይፈታና እናያለና» አለች።